ያልታተመው ጣውላ

የሠዓሊዋ የሄስተር ዊን የመጨረሻ የሕትመት ጣውላ መሰረቁ የታወቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ ስደርስ የጋለሪው ባለቤት በርትራም ሎሚስ የዕቃ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ሎሚስ ሰው ሲያየው የሚያለቅስ ሰው ነው፤ ብቻውን ሲሆን ዓይኑ እርጥብ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

"ዐውደ ርእዩ ቅዳሜ ነው፣ ኢንስፔክተር! ከቦስተን እንግዶች ይመጣሉ! ምን ልበላቸው?"

"ተሰረቀ ይበሏቸው።"

"ይቀልዱብኛል እንዴ?"

"ኧረ አልቀለድኩም። ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?"

በጣቱ አሳየኝ። ከበሩ መቃን ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ምስማር እኔ አውቀዋለሁ፣ ፖስተኛው ያውቀዋል፣ ዓሣ የሚያመጣለት ሰውዬም ያውቀዋል። የበጋው ጎብኚ ከሄደ በኋላ በባሕር ዳር ከተማችን በፕሮቪንስታውን በር መቆለፍ ለይምሰል ነው። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱም ደህና ነው።

"መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?"

"ትናንት፣ ሮብ እኩለ ቀን ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሰዓት ፀጉሬን ልስተካከል ወጣሁ። ከተመለስኩ በኋላ ማንም ወደዚህ አልገባም።"

መደርደሪያው ላይ የቀረው ጣውላው የተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ሌባ ጨርቅ አያጥፍም። ይህኛው ግን ጫፍ ከጫፍ አጋጥሞ፣ በመዳፉ ዳምጦ፣ እንደ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥፎት ነው የሄደው። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ አንዲት ቀይ ብልጭልጭ ፈርጥ ወድቃለች፣ ከመድረክ ቀሚስ ላይ የምትረግፍ ዓይነት።

ሎሚስ ፈርጧን ሲያይ እንባው ቀጥ አለ። "ላማር ነው! ላማር ታትል! እንዲህ ያለ ልብስ የሚለብሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ!"

"ሚስተር ሎሚስ፣ በዚህ ከተማ በፈርጥ ሰው ልሰር ካልኩ ቄሱም አይተርፉም።"

"በወጣትነቱ በስርቆት ተፈርዶበታል! አገር ያወቀው ነው!"

"ጣውላው የማን ነው?"

"የዐውደ ርእዩ ነዋ" አለና ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ሰቀለ።

ስለ ጣውላው ትንሽ ልበል። እኛ ዘንድ ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ እንጨት አይቀረጽም። ጣውላው አንድ ነው። ሠዓሊዋ በቀለምና በቀለም መካከል ቀጭን ቦይ ትቀርጻለች። ወረቀቱን በአንዱ ጠርዝ ላይ እስከ ጀርባው በሚዘልቅ ስፒል ትሰካዋለች፤ ትገልጠዋለች፤ አንዲት ጥግ ቀለም ትቀባለች፤ ወረቀቱን መልሳ ታለብስና ጀርባውን በማንኪያ ታሸዋለች። ከዚያ ደግሞ ትገልጣለች። ቦዩ ቀለም አይገባውም፤ ሥዕሉ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። አንዱን ሥዕል አትሞ ለመጨረስ የበሬ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሄስተር ይህን ስታደርግ ኖራ የካቲት ላይ ሞተች። የመጨረሻውን ጣውላ ቀርጻ ጨርሳለች፣ ግን አላተመችውም። ምን እንደቀረጸች ለሎሚስም ለማንም አላሳየችም። ሎሚስ ከቦስተን ባለሙያ አስመጥቶ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ሊያሳትም፣ የመጀመሪያውንም ሕትመት ሊያጫርት ነበር ሐሳቡ።

ላማር የሄስተርና የሚስቷ የኦገስታ ፔል እንግዳ ማረፊያ ሰገነት ላይ ይኖራል። ከሚሲሲፒ የመጣው፣ አባቱ ሻንጣውን ደጅ አውጥቶ ስላባረረው ነው። ቀን ቀን አልጋ ያነጥፋል፣ አንሶላ ያጥፋል፤ ማታ ማታ ቀይ ዊግ አድርጎ ማዳም ቫለንሲያ ሆኖ ይዘፍናል። ዊጉ ካለ እሷ እንላታለን፣ ከሌለ እሱ፤ ተሳስተን አናውቅም። ልጅ ሳለ አገር ቤት ከሱቅ ቀሚስ አንሥቶ ተፈርዶበታል። ዘንድሮ ቲያትር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የክረምት ሥራ ሰጥቶታል፤ ውሉ ግን ክስ ያለበት ሰው አይቀበልም። ክስ ብቻ ይበቃል፣ ፍርድ አያስፈልግም። ውሉ ከፈረሰ ላማር ሻንጣውን እንደገና ማንሣቱ ነው። ክረምት እዚህ ሥራ የለም።

አለቃዬ ጋ ስገባ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞታል፤ ከውስጡ የሎሚስ ድምፅ ይጮኻል።

"ፊሎሜና፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጣውላው ይገኝ" አለኝ። "ካልተገኘ በላማር ላይ ክስ እናቀርባለን። ፈርጥ አለ፣ አንሶላ አጣጠፍ አለ፣ የድሮ ጥፋት አለ። ምን ላድርግ?"

"ፈልጊ በለኛ።"

"ፈልጊ።"

ኦገስታ ጋ ሄድኩ። ሰማንያን አልፋለች፤ አሁንም ወጥ ቤቷን የምታስተዳድረው እንደ መርከብ አዛዥ ነው። ወንበር ላይ የቫለንሲያ ቀይ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ የረገፈ ፈርጡን ስትሰፋለት ነበር። ልብሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። ጋን የሚያህል ድስት መታጠቢያው ውስጥ ውኃ ተሞልቶ ተነክሯል፤ ቂጡ አርሮ ከሰል ሆኗል።

"ሜና፣ ከስተሻል። ተቀመጪ፣ ዳቦ ብዪ።"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ሚስ ኦገስታ።"

"ሥራ ላይ ያለ ሰው አይርበውም?"

ከፖርቱጋሎቹ ዳቦ ቤት የመጣ ትኩስ ዳቦ ጣውላ ላይ አድርጋ ከነቢላው አቀረበችልኝ። ቆረስኩ። የባሕር ዳር ፕሪም ማርማላታ ደርባ ሰጠችኝ። ፍርፋሪው ተበትኖ ጣውላው ጠርዝ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ገባ፤ በጣቴ ጠራረግሁት። ሻዩን ያማሰልኩበት አሮጌ የብር ማንኪያ ጀርባው በአንድ በኩል ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል።

"ጣቶችዎ ምን ነካቸው?" ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ነገር አለ።

"ፕሪም ነዋ! ሮብ ሙሉውን ቀን ማርማላታ ስሠራ ነው የዋልኩት። እሳቱ ጠንክሮብኝ ግማሹን አሳረርኩት፣ ድስቱን አታይም?"

"የሄስተር ጣውላ መጥፋቱን ሰምተዋል?"

"ሰማሁ" አለችና ማርማላታውን ወደ እኔ ገፋችው። "ይገኛል። ጨምሪ።"

የሄስተር ስም ሲነሣ ማልቀስ የምትወድ ሴት አይደለችም፤ ግን እንዲህ ቀለል ማለቷ ገረመኝ። ሐዘን ሰውን እንደየአመሉ ያደርገዋል ብዬ አለፍኩት። ላማር መጠርጠሩንም አልነገርኳትም። ልጄ ብላ የምትጠራው ሌላ ሰው የላትም፤ አንጀቴ አልቻለም።

የጠረጠርኩት የሄስተርን የወንድም ልጅ ከርቲስ ዊንን ነው። ከኦሃዮ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ "የአክስቴ ሥራ የቤተሰብ ነው" እያለ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ሲያወራ ሰንብቷል። ኦገስታን "የአክስቴ ጓደኛ" ነው የሚላት። እውነቱን ልናገር፣ እሱ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ።

"ሮብ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ዓሣ ነባሪ ለማየት ጀልባ ላይ።"

"አዩ?"

ፊቱ አረንጓዴ ሆነ። ወደብ ወርጄ የጀልባዋን አስጎብኚ ጠየቅኳት።

"ያ ሰውዬ?" አለች እየሳቀች። "ዓሣ ነባሪዎቹ ከጎናችን ሲዘሉ እሱ ባልዲ ውስጥ ነው ያየው። ማስመለስ ለመጀመር ከወደብ እስክንወጣ አልጠበቀም፣ እስክንመለስም አላባራም። ባልዲውን እንዲወስደው ልሰጠው ነበር።"

ከርቲስ በዚሁ ከጥርጣሬ ወጣ። ቅር አለኝ።

ኮሜርሻል ጎዳና እንደ አሁኑ በሴቶች ሳምንት፣ ሴት ጥንዶች ከየአገሩ ለበዓሉ ሲመጡ፣ ደስ ይላል፤ ጥንዶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ መኪናው ይጠብቃቸዋል። ማዳም ቫለንሲያ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ዘወትር የምትቆምበት ቦታ፣ በረጅም ጫማዋ ቆማ ለማታው ትርዒት በራሪ ወረቀት ትሰጣለች።

"ኢንስፔክተር ሜና! ያቺ ኮትሽ እስካሁን አልሞተችም? ቅበሪያት እንጂ!"

"ሮብ ከሰዓት የት ነበርሽ?"

"እዚሁ። ይህን መሬት ጠይቂው፣ ጫማዬን ያውቀዋል።"

አግዳሚው ወንበር ላይ ከቬርሞንት የመጡ ሁለት ሴቶች ሹራብ ይሠራሉ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነው የሚውሉት። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሮብ?" አለች አንደኛዋ። "ሮብ እኮ አልነበረችም። ገና ምሳ ሰዓት ወረቀቷን እኛ ጋ ጥላ ሮጠች። ከሰዓት በኋላ እኛ ነን ያደልንላት።"

"ዊጓን በእጇ ይዛ ነው የሮጠችው" አለች ሌላዋ። "እኔ እንኳ አንድ ነገር ተቃጠለ ብዬ ነበር።"

ቫለንሲያን በክንዷ ይዤ ወደ ባሕሩ በሚወስደው ጠባብ መንገድ አስገባኋት።

"ውሸት ነገርሽኝ።"

የቀሯትን ወረቀቶች ደረቷ ላይ አስጠጋች።

"ቅዳሜ ክስ ይመጣል። ውሉ ይፈርሳል። ታውቂያለሽ አይደል?"

ዊጉን አወለቀና ላማር ሆነ። ዓይኑ ላይ የተቀባው ነገር በላብ ወርዷል። "አውቃለሁ፣ ሜና። ጻፊው። ላማር ነው በይ።"

"አንተ ነህ?"

"በይ አልኩሽ እንጂ ነኝ አላልኩም።"

"ጣውላው የት አለ ታዲያ?"

"ባሕር ጣልኩት።"

"መቼ?"

"ወዲያው። ከሎሚስ ጓሮ ወጥቼ በቀጥታ ጣልኩት።"

ባዝንለትም በሳቅ ልፈነዳ ትንሽ ቀረኝ። እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ ባሕራችን መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሸሽ በእንቅልፌ አውቀዋለሁ። "ላማር፣ ሮብ ከሰዓት ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመው ነበር። ውኃ ለማግኘት በዚህ ጫማ አድማስ ድረስ ሄድክ?"

አንገቱን ደፋ። "እባክሽ፣ አትጠይቂኝ።"

ሌባ ጥፋቱን ይክዳል። ይህ ልጅ ግን ያላደረገውን ካልሰጣችሁኝ እያለ ነው። የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክሟል ማለት ነው፤ ላማር ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ይህን የሚያደርግላት ሰው አንዲት ብቻ ናት። ሊገባኝ አልቻለም፤ ኦገስታ የሚስቷን ጣውላ ለምን ትሰርቃለች?

ዓርብ ጠዋት ሚስቴ ዶሪን ለቁርስ ዳቦ ትቆርጣለች። ዝም ብዬ የዳቦ መቁረጫውን አያለሁ።

"ምን ሆንሽ?"

"የኛ መቁረጫ ለምን ቀዳዳ የለውም?"

"እኔ ዳቦ የምቆርጠው በቢላ ነው። በመሰርሰሪያ የሚቆርጥ ሰው አግኝተሽ ከሆነ እሰሪው።"

አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ዘንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ያገኙት እንጨት ላይ ሁሉ ይሥሉ ነበር፤ አያቴ ደግሞ ያገኘችውን እንጨት ሁሉ ታውል ነበር። የዶሮ ቤታችን በር የወደብ ሥዕል ነበረው። ዶሮዎቹ ለዓመታት ሲያዩት ኖረው አንድ የሙዚየም ሰው መጥቶ ሊያለቅስ ደረሰ። በዚህ ከተማ እንጨት አይቶ ማገላበጥ የማይረሳ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ትናንት ግን የስፒል ቀዳዳ በጣቴ እየጠረግሁ ዳቦ በላሁ። ደግሞስ ፕሪም መቼ ነው ሰማያዊ የሚያቀልመው? የኛ ፕሪም ጣት የሚያቀላ ነው!

ዳቦዬን ጥዬ ወጣሁ።

ኦገስታ ወጥ ቤት ናት፤ ላማር በሩ ላይ ያጠፈውን አንሶላ ታቅፎ ቆሟል። ሲያየኝ የፊቱ ቀለም ጠፋ።

"ሚስ ኦገስታ፣ ዳቦውን ያንሡልኝ።"

"ሳትበዪ?"

"ሳልበላ።"

ዳቦውን አነሣች። ጣውላውን ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ቢላ ባልነካው ፊቱ ላይ፣ ቀጫጭን ቦዮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል፤ በየመሐላቸው የሰማያዊና የአረንጓዴ ቀለም ቅሪት አለ። ሥዕሉ በእንጨቱ ላይ ግልብጥ ስለሆነ ምን እንደሆነ ወዲያው አይለይም።

"ትናንት ጀርባውን ነው የቆረጥሽበት" አለች ኦገስታ። "ሄስተር ብታይሽ በሳቅ ትሞት ነበር።"

"ጉሲ፣ ምንም አትናገሪ!" ላማር ኦገስታን በቁልምጫ ስሟ እየጠራ፣ አንሶላውን ጥሎ መሐላችን ገባ። "እኔ ነኝ ሜና፣ ነግሬሻለሁ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት!"

"አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?" አለች ኦገስታ። "ምንድነው የሚለው?"

የዚያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ፈርጡን፣ የጨርቁን አጣጠፍ፣ ክሱን፣ የክረምቱን ውል። እየሰማች ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ፈርጡ ከኔ ሹራብ ነው የረገፈው፤ የሱን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ጨርቁንም እኔ ነኝ ያጠፍኩት። አንሶላ ማጠፍ ያስተማረው ማን ሆነና! በሱ ላይ ይመጣል ብዬ... አንቺ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንጀቴ አልቻለም።"

"እሱ ግን፣ አንተ ግን ለምን?" ወደ ላማር ዞረች።

ላማር መሬት መሬት እያየ ተናገረ። "ሮብ ማርማላታው እያረረ ጭሱ በመስኮት ይወጣል ብለው ጎረቤቶች ደወሉልኝ። ሮጬ መጥቼ እሳቱን አጠፋሁ። አንቺ የለሽም። ስፈልግሽ ከሎሚስ ጓሮ የሆነ ነገር በሹራብሽ ሸፍነሽ ስትወጪ አየሁሽ። ምድጃ ትተሽ፣ የሰው ዕቃ ይዘሽ... የጠፋብሽ መሰለኝ፣ ጉሲ። ማስታወስ ያቆምሽ። ከርቲስ ቢሰማ በሁለተኛው ቀን አረጋውያን መጦሪያ ነው የሚያስገባሽ።"

ኦገስታ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

"ጃጀች ብለህ ነው ክስ ልትሸከምልኝ የነበረው? እኔን? ቸኩዬ ነው እንጂ ምድጃውንስ መች ረሳሁት! ሎሚስ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ከመስኮት አየሁት፤ ቶሎ ካልሄድኩ ያመልጠኛል ብዬ ነው።"

"ለምን ግን?" አልኩ። "ጣውላው የእርስዎ አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ! ለሎሚስ ያዋስኩት ነው። በሐዘኑ ሰሞን 'ሁሉንም ልውሰድ?' ሲለኝ 'ሁሉንም' አልኩት። ነፍሴን አላውቅም ነበር፤ ይህኛው ውስጡ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። መልስልኝ አልኩት። 'ማስታወቂያው ተለጥፏል' አለኝ። ሄስተር ሕግ ነበራት፣ ሜና። ከእያንዳንዱ ጣውላ የመጀመሪያው ሕትመት አይሸጥም። ጣውላው ለተቀረጸለት ሰው ነው የሚሰጠው። ያንን ሕትመት ቅዳሜ ለቦስተን ሰው ሊያጫርት ነው፣ ገባሽ? አንዱን አትሜ፣ ጣውላውን ቅዳሜ በማለዳ እመልሳለሁ ብዬ ነበር።"

"ዳቦ ሥር ያስቀመጡትስ ከፖሊስ ለመደበቅ ነው?"

"ፖሊስ ማን አስቦ! ከሱ ነው እንጂ።" በአገጯ ወደ ላማር አመለከተች። "ይህ ልጅ ቁም ሳጥን ሲጎረጉር ነው የሚውለው። ቁርስ ላይ ግን ዳቦውን እንጂ ሥሩን አያይም።"

ላማር አሁንም አልገባውም። እኔ ግን ጣውላው ለማን እንደተቀረጸ ገባኝ።

ኦገስታ ከሹራቧ ኪስ ቁልፍ አውጥታ የሄስተርን መሳቢያ ከፈተች። በአንሶላ መሐል የተዘረጋ ወረቀት አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ወረቀቱ ላይ ያለችው ይህችው ወጥ ቤት ናት። ጠረጴዛው፣ በመስኮቱ ባሕሩ፣ መሐሉ ላይ ዳቦ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ሄስተር፣ ነጭ ፀጉሯ ተንጨባሯል። አንዷ ኦገስታ፣ ቢላ ይዛ። ሦስተኛው ትከሻውን ከሄስተር ትከሻ አስጠግቶ፣ ቀይ ዊጉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ሸሚዙ ብቻ ቀለም የለውም፤ ባዶ ወረቀት ነው።

"በመጨረሻው ክረምት አልጋዋ ላይ ሆና ነው የቀረጸችው" አለች ኦገስታ። "አንተን ክፍሉ ውስጥ አላስገባም ያለችህ ለዚህ ነው። አንተ ግን ተቀየመችኝ ብለህ ስታለቅስ ነበር።"

ላማር ወረቀቱን አልነካም። እጁን ከኋላው ደብቆ ያያል።

"የሸሚዝህን ቀለም አልነገረችኝም" አለች። "ስለዚህ አንተ ምረጥ።"

"ቢጫ" አለ በማይሰማ ድምፅ።

ወረቀቱን በድሮው ቀዳዳ መልሳ በስፒል ሰካችው። ቀለሙን በጠበጠችለት። ብሩሹን ሰጠችው፣ ከዚያ ያን የተበላ ማንኪያ። ላማር ቀባ፤ አለበሰ፤ አሸ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ቀለሙን አብዝቶታል። ሲገልጡት ቢጫው ቦዩን ሞልቶ አልፏል፤ በሱ ትከሻና በሄስተር ትከሻ መካከል የነበረው ነጭ መስመር የለም።

"አበላሸሁት!"

"ዝም በል" አለች ኦገስታ። "አልተበላሸም።"

ለአለቃዬ የሰጠሁት ቃል አጭር ነው። የጣውላው ባለቤት ያዋሰችውን ዕቃ መልሳ ወስዳለች፤ ወንጀል የለም። ሎሚስ ትንሽ ጮኸ፤ ኦገስታ ሁሉንም ጣውላዎች መልሳ መውሰድ እንደምትችል ሳስታውሰው ዝም አለ። ላማር የክረምቱን ውል ፈርሞ ሰገነቱ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ጋለሪው ጢም ብሎ ሞላ። የቦስተኑ ባለሙያ ኦገስታ የመለሰችውን ጣውላ በሕዝብ ፊት አትሞ ወረቀቱን ሲያነሣ ሎሚስ እንባውን እየጠረገ "ክቡራትና ክቡራን፣ የመጀመሪያው ሕትመት!" አለ።

"ሁለተኛው" አለች ኦገስታ ከፊት ወንበር፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እንግዶቹ ነጩን መስመር አደነቁ፤ እንዴት ንጹሕ ነው፣ ሰውን ከሰው እንዴት ይለያል ተባለ። ሥዕሉ በእውነት ያምር ነበር። እኔ ግን ኦገስታ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን፣ መስመሩ የጠፋበትን ነው የምወደው።